በእትዬ ብርቄ ዋንዛ ላይ የቀባሁት ሬንጅ

ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል ይባላል። አያደርግም። ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር፤ እኔም በየዓመቱ ተማሪዎቹን እያስነበብኩ አስጨብጭቤበታለሁ። በዚያ ዘመን ቺሮ ውስጥ ከእኔ ይበልጥ ያነበበ ሰው ብዙ አልነበረም። ከእኔ የባሰ የበደለ ስለ መኖሩ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አሁን የምጽፈውን ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለፓስተሬም አልነገርኩም። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም፤ ሁሉንም በቀጥታ ለእግዚአብሔር እንናገራለን። እሱ ደግሞ ቀድሞ ያውቀዋል፣ ለጎረቤትም አያወራም። ይህ ለእኔ ዓይነቱ ሰው በጣም ይመቻል። ስለዚህ ዛሬ የማይመቸውን መረጥኩ፤ እናንተን።

ነገሩ የዛፍ ነገር ነው። አትሳቁ።

መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ጠዋት ጠዋት አስተምር ነበር፤ ከሰዓት በኋላና ትምህርት በሌለ ቀን ከጋሽ ሙሳ ጋር ዛፍ እቆርጥ ነበር። ለማገዶ አይደለም። ከተማችን ዝናብ አታጣም፤ በየግቢው ከተከሏቸው ሰዎች ዕድሜ በላይ የቆዩ ዋንዛዎችና ዝግባዎች አሉ። ክረምት ሲቃረብ የደረቀው ቅርንጫፍ መውረድ አለበት፤ ቆርቆሮ ላይ ያጋደለው መቅለል አለበት፤ ዛፉ ግን መኖር አለበት። የጋሽ ሙሳ ሙያ ይህ ነበር። ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ወገባቸውን በገመድ ታጥቀው ይወጡ ነበር። የሰው ቁመት የሚያህል ቅርንጫፍ በገመድ አንጠልጥለው ሲያወርዱ ከሥር የምትጭረው ዶሮ አትደነግጥም። ማንበብ አይችሉም ነበር።

ሥራው አንድ ወግ ነበረው፤ ገመዱን ያሰረ ሰው ለዛፉ ይጠየቃል። ረዳቱ ቢያጠፋም መልስ የሚሰጠው ባለ ገመዱ ነው። ይህን አስታውሱልኝ።

ጋሽ ሙሳ ትልቅ ቅርንጫፍ ሲቆርጡ ከግንዱ ጋር እኩል አያደርጉትም። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ አበጥ ያለ ቀለበት አለ፤ አንገት ይሉታል፤ እሱን መጋዝ አያስነኩም። "አንገቱ የዛፉ ነው፤ ቁስሉን የሚዘጋው በሱ ነው። ያንተ ቅርንጫፉ ብቻ ነው። መቁረጥ ማንም ይቆርጣል፤ ሙያው መተው ነው" ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ የእርሻ መጽሐፍ ነበረኝ። መጽሐፉ ከግንዱ ጋር አስተካክለህ ቁረጥ፣ ቁስሉንም ሬንጅ ቀባው ይላል። በዚህ ስንት ከሰዓት ተከራከርን!

"መምህር፣ መጽሐፍህ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያውቃል?"

"ጋሽ ሙሳ፣ ወረቀቱ ራሱ ከዛፍ ነው የተሠራው።"

"አየህ! ከሞተ ዛፍ ነዋ የምትማረው። እኔ ከቆመው ነው፣ ወላሂ!"

ገመዱ ላይ እየተወዛወዙ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ተሸንፌ ነበር፤ ለራሴ የነገርኩት ግን ተናቅሁ ብዬ ነው።

እትዬ ብርቄ ባላቸው የሞቱባቸው የሰፈራችን ሴት ነበሩ። ባላቸው የተከሉት ትልቅ ዋንዛ አንድ ክንዱን ማድቤታቸው ላይ ጥሎ ነበር። አንድ ዓርብ ጋሽ ሙሳ ያንን ቅርንጫፍ ቆረጡ፤ መጀመሪያ ከሥሩ ጫር አደረጉት፣ ቀጥለው ከላይ ራቅ ብለው ጣሉት፣ በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ ከአንገቱ ወዲያ አነሱት። ከዚያ ታጥበው ለጁምዓ መስጊድ ሄዱ፤ እኔ ቅጠሉን ልሰበስብ ቀረሁ። እትዬ ብርቄ ወጡና ቀና ብለው አዩ።

"ይቺ እባጭ ምንድን ናት? ሳይጨርስ ሄደ እንዴ ሙሳ?"

"እንደዚያ ነው የሚቆረጠው" ብል ምን ነበረበት? ሦስት ቃል ነው። እኔ ግን "እኔ እንድጨርሰው ነው የተዉት" አልኩ። ዋሸሁ። በጋሽ ሙሳ ገመድ ወጣሁ፤ አንገቱን ከግንዱ ጋር እኩል አድርጌ ቆረጥኩ፤ ከመንገድ ሠራተኞች በጣሳ ለምኜ ያስቀመጥኩትን ሬንጅ ቀባሁት። ክብ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ማኅተም ያለ ነገር ሆነ።

"የተማረ ሰው ሥራ!" አሉኝ እትዬ ብርቄ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴን ነው ዛሬ ልሸከመው የማልችለው።

ጋሽ ሙሳ ተመልሰው ቀና አሉ። መጋዙንና ገመዱን ሰብስበው እትዬ ብርቄን ተሰናበቱ። ከግቢው ስንወጣ ግን ቆሙ።

"ኢልማ፣ የተቆረጠ አይቀጠልም" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ መምህር አላሉኝም። "ግንዱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ነገ ሂድና ያደረግከውን ንገራቸው። ካወቁ በየክረምቱ እያየን እናቀልለታለን። ካላወቁ አንድ ቀን ይወድቅባቸዋል።"

"እርስዎ ቢነግሯቸውስ?"

"የቆረጠው አፍ አለው።"

ነገ አልሄድኩም። ከነገ ወዲያም አልሄድኩም። በሳምንቱ ሲጠይቁኝ "ነገርኳቸው፤ ዛፌን ከእንግዲህ ማንም አይነካብኝም አሉ" አልኩ። የመጀመሪያውን ውሸት በችኮላ ዋሸሁ ልበል፤ ይህንን ግን አስቤበት፣ ሰዋስዉን አስተካክዬ ነው የዋሸሁት። ጋሽ ሙሳ የሰው ቃል ያከብራሉ፤ አይነካብኝም ከተባሉ በዚያ በር አያልፉም። አላለፉም።

በአምስተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ ሲወርድ ዋንዛው ሬንጅ ከቀባሁበት ቦታ ተሰንጥቆ ግማሹ ማድቤቱ ላይ ወደቀ። እትዬ ብርቄ ምሳ እየሠሩ ነበር። ዳሌያቸው ተሰበረ።

ሽማግሌዎች በእትዬ ብርቄ ቤት ለዳኝነት ተቀመጡ፤ ቄስ፣ ሼህ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነበሩ። ጋሽ ሙሳ ተጠሩ። እኔም ተጠራሁ። ለመከሰስ እንዳይመስላችሁ፤ "መምህር ያነበበ ሰው ነው፤ ቁስሉን አይቶ ይፍረድልን" ተብዬ ነው። ወጥቼ አየሁ። ሬንጁ እንደ ቆዳ ተላጠ፤ ከኋላው እጄ እስከ ክርኔ ገባ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"አቆራረጡ ትክክል አልነበረም" አልኩ።

አያችሁ? በዚያ ቀን አልዋሸሁም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ማን እንደቆረጠው አልጠየቁኝም፤ እትዬ ብርቄም በጋሽ ሙሳ ትእዛዝ የጨረስኩት መስሏቸው ነበርና ጥፋቱን ከባለ ገመዱ ቆጠሩት። እኔም አልተናገርኩም።

እትዬ ብርቄ ከአልጋቸው ላይ ሆነው "ምነው ሙሳ፣ እንደሚወድቅ ማንም አንዲት ቃል ሳይነግረኝ!" ብለው አለቀሱ። ያኔ ጋሽ ሙሳ ዞር ብለው አዩኝ። ሁለተኛውን ውሸቴን ያወቁት በዚያች ቅጽበት ነው። አንድ ቃል ቢናገሩ አልቆልኝ ነበር። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

"መምህር እውነቱን ተናግሯል" አሉ። "ገመዱ የኔ ነበር።"

ከዚያ ወዲያ ቺሮ ውስጥ ዛፍ ላይ የጠራቸው የለም። እትዬ ብርቄ በምርኩዝ እያነከሱ እስኪሞቱ ድረስ ሰላምታ ነሷቸው። የከተማው ሰው ደግሞ ቀልድ አገኘ፤ በር ቢጣመም፣ ልብስ ቢበላሽ፣ "ሙሳ የቆረጠው ነው" ይባላል። እኔ ራሴ በመምህራን ክፍል ይህ ሲባል ሰምቼ ፈገግ ብያለሁ። እኔ! ፈገግ!

ጋሽ ሙሳ በደሳ ወደምትባል ከተማ ሄደው ልጃቸው ዘንድ ገቡ። እትዬ ብርቄ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን ሄድኩ። ለቡና ጥላ የሚሆን ዛፍ ሥር ቆመው መጋዝ ሲስሉ አገኘኋቸው። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"አሁንስ ነገርካቸው?"

"አልነገርኳቸውም።"

"እንግዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?" አሉና ወደ መጋዛቸው ተመለሱ። ቁጣ አልነበረበትም። በመጣሁበት መኪና ተመለስኩ።

ከዓመታት በኋላ አንድ አዲስ መጽሐፍ እጄ ገባ። አንገቱን አትንካ፣ ቁስሉን ምንም አትቀባ ይላል፤ የቀድሞዎቹ መጻሕፍት ተሳስተው ነበር ይላል። መጽሐፍ እንኳ ስህተቱን አረመ። እኔ ያን ጊዜ ጢሜ ሸብቶ ነበር፤ ዝም አልኩ። ዝም እንዳልኩ ጋሽ ሙሳም ሞቱ።

ወጣት ነበርኩ ልል እችላለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ወጣትነት አይደለም። መጽሐፉ አሳሳተኝ ልል እችላለሁ፤ "ነገርኳቸው" በል የሚል መጽሐፍ ግን አላነበብኩም። ይቅር የሚሉኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም እስኪሞቱ ጠበቅኩ። እናንተ ይቅር አትበሉኝ፤ የእናንተ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አድርጉ። ቺሮ ብትሄዱ፣ የተበላሸ ሥራ አይቶ "ሙሳ የቆረጠው ነው" የሚል ሰው ብትሰሙ፣ እንደኔ ፈገግ ብላችሁ አትለፉ። አቁሙትና መምህሩ የቆረጠው ነው በሉት።