ራሱን የቻለው እንድሪያስ

አርባ ምንጭ ውስጥ እንግሊዝኛውን ተማምኖ ሰው የሚንቅ አንድ ሰው አምጡ ብትባሉ ብዙ አትድከሙ፤ ሲቀላ ሰፈር ወርዳችሁ መምህር እንድሪያስን ጠይቁ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ለነርሶች፣ ለባለ ሱቆችና ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች እንግሊዝኛ ያስተምራል። እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳለት አንድ ትምህርት አለው፤ እሱም ከ«ካን»፣ ከ«ማስት»ና ከ«ሹድ» ጋር «ማይሰልፍ»ና «ዩርሰልፍ» እንዴት እንደሚገቡ ነው። ሌላው ምዕራፍ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ይሄኛው ሳምንት ይፈጃል።

አንድ ቀን ቤቲ የምትባል ነርስ ተነሳችና «ራሴን እችላለሁ» ለማለት ፈልጋ «አይ ካን ማይሰልፍ» አለች። እንድሪያስ ጠመኔውን ወረወረ።

«በአማርኛ እያሰብሽ በእንግሊዝኛ ታወሪያለሽ! ግሱ የታለ? ምን ማድረግ ነው የምትችዪው? ‹አይ ካን ሄልፕ ማይሰልፍ› በዪ። ‹አይ ካን ቲች ማይሰልፍ› በዪ።»

ክፍሉ ሳቀ፤ ቤቲ እንባዋን ውጣ ተቀመጠች። እርማቱስ ትክክል ነበር፤ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! እሱ ግን ከሰዋስው ወደ ስብከት ገባ። እንግሊዝ ሁሉን ነገር በራሱ ስለሚሠራ ቋንቋው በ«ሰልፍ» ተሞላ፤ የኛ ሰው ግን ጎረቤት ካልጠራ ምስማር አይመታም አለ። ይህን የሚለው ሰው ከአዲስ አበባ አልፎ አያውቅም፤ እዚያም የሄደው ለስብሰባ ነው።

ይህ ሰው እናት አለችው። እማማ ዓለሚቱ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ፣ ዶርዜ፣ ሟች ባላቸው ከቀርከሃ በጎነጎኑት ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ዘንድሮ ምስጥ የግድግዳውን እግር በላው። እንዲህ ሲሆን የዶርዜ ሰው ቤቱን አያፈርስም፤ የተበላውን ቆርጦ፣ ቤቱን እንዳለ አንስቶ ወደ ደህና መሬት ይወስደዋል። የሚያነሳው መንደሩ ነው። መንደሩን የሚጠራው ደግሞ የቤቱ ልጅ ነው፤ በየደጃፉ ቆሞ በአፉ ይለምናል። ክረምት ሳይገባ ካልተነሳ ቤቱ መውደቁ፣ እማማ ዓለሚቱም ከመንደራቸው ተነቅለው ከተማ መውረዳቸው ነው። ይህን ደግሞ ከሞት ለይተው አያዩትም።

«ልጄ፣ በየቤቱ ዙርልኝ» ብለው በስልክ ለመኑት።

«እማዬ፣ እኔ መምህር ነኝ። በየደጁ ቆሜ ልለምን? እኔው ራሴ አስነሳዋለሁ፤ አንቺ ምንም አታስቢ።»

ኩራት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አባቱ ከሞቱ ወዲህ እንድሪያስ የማንንም ቤት አላነሳም። በተጠራ ቁጥር «ክፍል አለኝ» ይል ነበር። አሁን ደጃፍ ላይ ቢቆም «አንተስ የት ነበርክ?» እንደሚባል ልቡ ያውቀዋል። ፈሪ ነው! ፍርሃቱን በ«ማይሰልፍ» ሸፍኖት ነው እንጂ።

ቅዳሜ ዕለት ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚጭኑ ጎረምሶችን በአይሱዙ አሳፍሮ ዶርዜ ወጣ። የሙዝ ጫኝ ጉልበት አይታማም፤ ቤት ግን አንስተው አያውቁም። እማማ ዓለሚቱ ደጅ ወጥተው ቆሙ። ጫኞቹ ማንሻውን እንጨት በግድግዳው ሥር ሲያስገቡ የእማማ ጎረቤት ጋሽ ኢሳያስ ከአጥሩ ማዶ አዩ።

«እንድሪያስ፣ ከውስጥም ሰው ይግባ እንጂ! ቤት ከውስጥም ከውጭም እኩል ነው የሚነሳው።»

«አይቸገሩ፣ ጋሽ ኢሳያስ። እኛው እንችለዋለን» አለ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር።

ጋሽ ኢሳያስ ከአጥሩ አላለፉም። ባለቤቱ ሳይጠራ ገብቶ የሰው ቤት መንካት እዚያ ነውር ነው። የመንደሩ ወንዶችም መጥተው አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ያ ሁሉ ክንድ አንዲት ቃል ይጠብቃል፤ ይህ ግብዝ ግን ቃሏን ከአፉ ማውጣት ሞት ሆነበት።

«ዋን፣ ቱ፣ ስሪ!» ብሎ ጮኸ። በእንግሊዝኛ፣ ለሙዝ ጫኝ! ግማሹ በ«ቱ» አነሳ፣ ግማሹ በ«ስሪ»። ቤቱ በአንድ ጎኑ ተንጋደደና ወገቡ ላይ ቀጭ አለ። ጫኞቹ ለቀው ሲሸሹ ቀርከሃው እንደ ተረገጠ ቅርጫት ተጨማደደ።

ያኔ ጋሽ ኢሳያስ ጥሪ አልጠበቁም። አጥሩን አልፈው ገቡ፤ ወንዶቹም ተከተሏቸው። ሴቶቹ ከፍርስራሹ ሥር የእማማ ዓለሚቱን ማሰሮና መጽሐፍ ቅዱስ ያወጡ ጀመር። እንድሪያስን የወቀሰው የለም። ሰላምም ያለው የለም። እሱ መሐላቸው ቆሞ የሚይዘው ነገር አጣ፤ እጁ የት እንደሚቀመጥ እንኳ ግራ ገባው። አፈረ።

በመጨረሻ የእናቱን ክንድ ያዘ።

«በቃ እማዬ፣ እኔ ጋ ሲቀላ ትኖሪያለሽ። አልጋ አለ፣ መብራት አለ፣ ውሃ ቤት ድረስ ይመጣል። ምን ይጎድልሻል?»

እማማ ዓለሚቱ ክንዳቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁና የጋሽ ኢሳያስ ሚስት ያመጣችላቸውን ጋቢ ደረቡ።

«ሌሊት ቢያመኝ፣ እዚያ ማንን ትጠራልኛለህ?» አሉት።

እንድሪያስ ሲቀላ ግራና ቀኝ ያሉትን የጎረቤቶቹን በሮች በሐሳቡ አየ፤ ከየበሮቹ ጀርባ የሚኖረውን ሰው ስም ግን አንዱንም አያውቀውም።  እናቱ ወደ ጋሽ ኢሳያስ ቤት ገቡ።