የአከራዬ ልጅና መትረየሱ

«ዛሬ ከመትረየሱ ጋር አስተዋወቁን» አለ የአከራዬ ልጅ፣ ገና ከበር ሲገባ። የጦር መኮንንነት ሠልጣኝ ነው።

ማን ቀድሞ እጁን እንደዘረጋ ልጠይቀው ብዬ፣ የእናቱን ፊት ሳይ ተውኩት።

እናቱ ሐጃ ይህን ቀን ሲጠብቁ ነበር። «ከፈራ ሥልጠናውን ትቶ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ከአጎቱ ጋር ጨርቅ ይሸጣል፣ ኢንሻአላህ» ብለውኛል ጠዋት። ልጇ እንዲፈራ የምትጸልይ እናት ያየሁት እዚህ ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ውስጥ ነው።

ግቢው ውሃ ተረጭቶ አፈሩ ይሸታል። ልጁ ደጅ በወጣው አልጋ ላይ ተንጋሎ ሰማዩን ያያል። ጆሮው አሁንም ስለሚጮህበት ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ሕልሙን ለሰፈሩ ሁሉ የሚናገር ይመስላል።

«ፈራህ፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ?» አሉት ሐጃ።

«ወላሂ አልፈራሁም፣ ዩማ። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። እንቅልፍ ያመጣል።»

ሐጃ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀሩ። እኔም፣ እውነት ለመናገር፣ ለአፍታ ዝናብ አማረኝ። በካርቱም ሙቀት ሰው የማያምረው ነገር የለም።

እናንተስ፣ እናታችሁ እንድትፈሩት የጸለየችበት ሥራ ነበራችሁ? እስቲ አጫውቱኝ።

አንድ ነገር ረስቼ፤ ታናሽ እህቱ «ምን ላይ ተኮስክ?» አለችው።

«በሰው ቅርጽ የተቆረጠ ጣውላ ላይ» አላት።