የአያ ችግኝ

ጎንደር ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ አያለሁ፤ እምነቴም ከዚያው የመጣ ነው። ተውሳኩ እኔ ስላየሁት አልተፈጠረም፣ ባላየውም አይጠፋም። ከዚህ ሌላ የሚያወራኝ ሰው ቶሎ ያናድደኛል። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ ገነትንም ካላየሽ አትገቢም" ትለኝ ነበር።

እሷ ልቧን ታማ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ካለው ገጠራችን መጥታ እኔ ቤት ሆና ስትታከም፣ በሦስተኛው ሳምንት አያ ሞተ። አያ ታላቅ ወንድሟ ነው። እሷ አያ ስለምትለው እኛም አያ እያልን ነው ያደግነው። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት አጥብቆ ተናግሮ ነበርና፣ የዘመድ ሽማግሌዎች ተመካክረው መርዶው እሱ እስኪፈቅድ ይቆይ አሉ። እስከዚያ አያ ሰላምታ ይልካል። አያ በስልክ ማውራት አይወድም ነበርና፣ ሰላምታውን የማቀበሉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ።

ተቆጣሁ። "የሞተ ሰው ሞቷል" አልኳቸው።

"ለእኛ ሞቷል፣ ልጄ። ለእሷ ገና ነው" አሉኝ አንደኛው ሽማግሌ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ፊቴን አይታ እንዳትጠረጥር ብዬ ቀብሩ ላይ እንኳ አልተገኘሁም።

ሁለት ቀን "አያ ደህና ነው" ማለት በቃ። በሦስተኛው ቀን "ምነው ቃሉ አጠረ? ምን እየሠራ ነው?" አለችኝ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ "የአፕል ችግኝ ተክሏል፣ ከበሩ በስተግራ" አልኳት።

እናቴ ሳቀች። አያ ፍሬ የሚተክሉትን ሁሉ "የፍየል ቀላቢ" እያለ ሲያበሽቅ የኖረ ሰው ነው። "አያ? ዛፍ?" እያለች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት ስለማላውቅ ደስ አለኝ፤ መዋሸቴንም ረሳሁት። "ፍየል ሳይደርስባት እሾህ ይጠርባት በይው" አለች። በማግስቱ አጥሯል አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ችግኟ በሁለታችን መካከል አደገች። እኔ አንድ ቅጠል ስጨምር እሷ ሁለት ትጨምራለች። ሥራ ላይ ሆኜ ውኃ ጠጥታ ይሆን ብዬ ሳላውቀው ማሰብ ጀመርኩ። አንድ ቀን እናቴ ዓይኗን ጨፍና "ከታች ያለችው ቅርንጫፏ መሰበሯ ያሳዝናል" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"አንቺ ነሻ።"

እኔ አልነገርኳትም።

አርባው ሲደርስ ስልጠና አለብኝ ብዬ ወደ ገጠር ሄድኩ። አምባ ጊዮርጊስ ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ ስሄድ ጉሙ መንገዱን ይዞት ነበር። ከአያ በር ስደርስ ግን ገለጥ አለ። ከበሩ በስተግራ ከጉልበቴ የማትበልጥ ችግኝ ቆማለች። ዙሪያዋ እሾህ ታጥሯል። ከታች ያለችው ቅርንጫፏ ተሰብራ በጨርቅ ታስራለች። ቅጠሏን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

የአያ ሚስት ወጥታ እንዲያ ሆኜ አገኘችኝ።

"ማን ተከላት?"

"እሱ ነዋ! ሊያርፍ ሦስት ቀን ሲቀረው። 'እህቴ ስትመለስ ታያታለች' ብሎ። ሸጋ ናት አይደል?"

"እሾሁንስ?"

"እሱን እንጃ። ለቀብር ስንወጣ ባዶዋን ነበረች። በሳልስቱ ማግስት ጠዋት ታጥራ አገኘኋት። ጎረቤት ይሆናል።" ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ያጠርኩት እኔ ነኝ ያለ የለም። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሳልስቱ፣ እናቴ "እሾህ ይጠርባት" ያለችበት ቀን ነው።

ሐኪሙ ሲፈቅድ ሽማግሌዎቹ ጎህ ሳይቀድ ቤቴ ገቡ። ጩኸቷን መጻፍ አልችልም። ሽማግሌው ልክ ነበሩ፤ ለእሷ አያ የሞተው ያን ዕለት ጠዋት ነው። ቀን ላይ ረጋ ስትል ወደ እኔ ዞረች።

"ሰላምታው ሁሉ?"

"ውሸት ነው።"

"ጉልበቱን ተሻለው ያልሽኝ?"

"ውሸት ነው፣ እናቴ።"

"ችግኟስ?"

"እሷ እውነት ናት። በዓይኔ አይቻታለሁ። ላንቺ ብሎ ነው የተከላት።"

"አሁንም ትዋሺኛለሽ?" አለች። የአያን ሚስት በስልክ አገናኘኋት፤ ሰምታ ስታበቃ ስልኩን መልሳ ሰጠችኝና "አስጠንተሻታል" አለች። ያን ሁሉ ቀን ውሸቴን በደስታ የበላች እናቴ፣ የነበረኝን አንዲት እውነት አልቀበልም አለች። ማጀት ገብቼ አለቀስኩ። ለአያ አልነበረም ያለቀስኩት፤ ወንድሟ የተወላትን ነገር እኔ ስላጠፋሁባት ነው።

ለለቅሶው ይዣት ሄድኩ። በሩ ጋ ስንደርስ "ይኸውልሽ፣ በግራ በኩል" አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወደ ቀኝ እያየች አለፈች። ሁለት እርምጃ ሳትሄድ የነጠላዋ ጫፍ በእሾሁ ተያዘ።

ቆመች። ዞር አላለችም።

"ልቀቀኝ እንጂ አያ" አለች፣ ልጅ ሆና ስትጫወት ትለው እንደነበረው ዓይነት ቀስ ብላ። "ላለቅስልህ ነው የመጣሁት።"

ጎንበስ ብዬ ማላቀቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እጄን ዘረጋሁ፤ የያዛትን ማየት ግን ፈራሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አላቀቅሁላት።