የመቶ ስምንት ዓመቱ ጦርነት

ታዲያ ወንበሩን ለዚያች ለቀጭኗ ልጅ ሰጧት አሉሽ? እሱን ሰምተሽ ነው የመጣሽው፣ አውቄብሻለሁ። ሰጧት እንጂ! ካውያ እንኳ የምትይዘው የራሰ የጎረቤት ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ነው፣ ከራሷ አርቃ። ሥራውን ያሳየቻት ደግሞ የኔዋ ናት፣ የእህቴ ልጅ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ቆማ ስትተኩስ የኖረችው። ሰው ሁሉ «ካውያ» የሚላት ለምን ይመስልሻል? ቶሎ ትግላለች፣ ግን ያለፈችበት ነገር ሁሉ ይስተካከላል።

ወንበር ያልኩሽ እውነተኛ ወንበር ነው። የፈረቃ ኃላፊ ተቀምጣ ነው የምትውለው፤ የገባውን የወጣውን ልብስ ትመዘግባለች፣ በቃ። የኔዋ እግር ደግሞ እንዴት እንደሆነ አይተሻል? ደም ሥሯ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። ሐኪሙ «ወይ ተቀመጪ፣ ወይ ሥራውን ተዪ» ብሏታል። ሥራውን ትታ ምን ትብላ? ስለዚህ ቦታው ሲለቀቅ አለቃው ራሱ ጠርቶ «ላንቺ ነው፣ የትምህርት ማስረጃሽን ብቻ አምጪ» ሲላት ደስ ብሏት ቤቴ ድረስ እየሮጠች መጣች። በር ላይ ስትደርስ ግን ፊቷ ተለወጠ።

ስሚኝ፣ ይህን ከኔ እንዳልሰማሽ። ትምህርት አልጨረሰችም።

አንዲት ፈተና ቀርታት ነው። የዓለም ታሪክ። በልጅነቷ፣ በፈተናው ዕለት ጠዋት፣ ላውንደሪው «ዛሬ ካልገባሽ ሌላ ሰው እናስገባለን» አላት። ገባች። ፈተናው ይደርሳል ብላ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲደርስ! ባሏን ያገባችው ደግሞ ጨርሻለሁ ብላ ነው። ያ የአውቶቡስ ሹፌር እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ዘመዶቹ ፊት «ሚስቴ የተማረች ናት» ሲል ደረቱ በሸሚዙ ቁልፍ ሊወጣ ይደርሳል። እንዴት ብላ ትንገረው?

ጠያይቃ ጠያይቃ፣ ያቋረጡ ሰዎች በግላቸው አጥንተው የሚፈተኑበት እንዳለ ደረሰችበት። ግን የመጨረሻው ዙር ነው፣ ከዚያ በኋላ ይዘጋል አሏት። ሦስት ወር ቀርቶታል። የዓለምን ታሪክ በሦስት ወር! እኔ የዚህን ሰፈር ታሪክ በሰባ ዓመት አልጨረስኩም።

መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጠው ሰውዬ ሁለት ማጠቃለያ ገዛች፣ አንድ ወፍራም አንድ ቀጭን። የኔ ፍራሽ ሥር ደበቅናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ከሥራ ትወጣለች፣ ባሏ አሥራ ሁለት ሰዓት ይገባል፤ መሃል ያለው ሰዓት የኔ ነበር። እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ታነብልኛለች። አይ ያ ጊዜ! ታሪክ ታሪክ ሲሉ ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሞተ ሰው ሐሜት ነው። ማን ማንን ከዙፋን ገፋ፣ የማን ሚስት ከማን ጋር መከረች። «እሺ ከዚያስ?» እያልኩ አላስተኛት፣ አላስነሳት። «አክስቴ፣ ይኼ ፈተና ላይ አይመጣም» ትለኛለች። «አይምጣ፣ ለኔ ንገሪኝ» እላለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ሁለቱን መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ አንዴ ይኼን አንዴ ያንን ታገላብጣለች።

«ምነው?» አልኳት።

«እነዚህ ተጣልተዋል።»

«እነማን?»

«መጽሐፎቹ። የመቶ ዓመት ጦርነት የሚባል አለ። ወፍራሙ መቶ አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀ ይላል፣ ቀጭኑ መቶ ይላል።»

«ታዲያ አንዱ ዋሽቷላ።»

«አክስቴ ደግሞ! የታተመ ነገር ይዋሻል እንዴ?»

እኔ ምን አውቃለሁ? ፊደል ከኔ ጋር ትውውቅ የለውም። ሳቄ መጣና «እኔ ሰው ስገላግል ያኛውን ትንሽ ዝቅ፣ ይኼኛውን ትንሽ ከፍ ነው የማደርገው፤ መሃል ላይ ይገናኛሉ» አልኳት። ለጨዋታ ነው ያልኩት፣ አፌን ይቁረጠው! እሷ ግን አልሳቀችም። ሃያ ሁለት ዓመት አንሶላ ያጠፈ እጅ፣ ጠርዝና ጠርዙን አጋጥሞ መሃሉን መጫን ነው የሚያውቀው። ትንሽ በጣቷ ቆጠረችና «መቶ ስምንት» አለች። በእርሳስ ጻፈችው። ሁለቱንም ሳታስቀይም!

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተገኘ። ፈረንሳዮች ንጉሣቸው ላይ የተነሡበትን ዓመት ወፍራሙ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ቀጭኑ ሰባ ዘጠኝ አለ፤ ሰማንያ አራት ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለች አሥራ አንድ ቦታ አስታረቀቻቸው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ «ጎሽ የኔ ልጅ!» እላለሁ።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። ከግድግዳዬ ማዶ ማን ነው የሚኖረው? ጡረተኛው መምህር አይደሉ! ሠላሳ ዓመት ምን አስተማሩ? የዓለም ታሪክ! ሲያስላቸው እንኳ እኔ ቤት ይሰማል። በመጀመሪያው ሳምንት «እሳቸውን ልጠይቅልሽ» ብያት ነበር። ዘላ ተነሣች።

«በእናቴ አጥንት! ማታ ማታ ከባሌ ጋር ዳማ ይጫወታሉ። ዛሬ ብትነግሪያቸው ነገ ቤቴ ገብቷል። አፍሽን ደግሞ አውቀዋለሁ።»

አፍሽን አውቀዋለሁ ማለቷ ቆረጠኝ። በሟቿ እህቴ ስም አስማለችኝ፣ ማልኩ። እኔ ነኝ እንግዲህ! የማን ልጅ ከማን ጋር ታየች የሚለውን ሳይበርድ የማዳርስ ሴትዮ፣ ሦስት ወር አፌን ሰፍቼ ተቀመጥኩ። መምህሩ በየጠዋቱ ደጄ ላይ ቆመው «እትዬ፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?» ይሉኛል።

«ምንም የለም መምህር።»

«አሞዎታል እንዴ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ምላሴ ሲሮጥ ማንም አላስቆመውም፤ መሮጥ በነበረበት ጊዜ አሠርኩት።

ፈተናው መጣ፣ ካስታረቀቻቸው ከአሥራ አንዱ አራቱ ተጠየቁ። ከምርጫዎቹ ውስጥ መቶ አለ፣ መቶ አሥራ ስድስት አለ፣ መቶ ስምንት የለም። ሰማንያ አራትም የለም። እጇን አውጥታ ፈታኙን «ይህ ጥያቄ መልስ የለውም» አለችው። «ካሉት ምረጪ» አላት። ዓይኗን ጨፍና መረጠች። አራቱንም ሳተች። ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ አርባ ስምንት አመጣች።

ለባሏ «ቦታውን ለዘመድ ሰጡት» አለችው። እሱ ላውንደሪው ድረስ ሄጄ ካልተጣላሁ ሲል ስንት ቀን ለመነችው መሰለሽ፣ እንዳይሄድባት። እሷ ተመልሳ ካውያዋ ጋ ቆመች። አሁን እግሯን በፋሻ ጠቅልላ ነው የምትውለው። ያቺ ቀጭኗ ልጅ አንዳንዴ ወንበሩን ለቅቃ «ትንሽ ተቀመጪ» ትላታለች አሉ። እሷ አትቀመጥም።

መጽሐፎቹን «ከዓይኔ አጥፊልኝ» ብላ ጥላብኝ ሄደች። ከቆሻሻው ጋር ደጅ አወጣኋቸው። መምህሩ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው አነሡ።

«ይህን ቀጭኑን ማን ገዛው? ስህተቱ እኮ መዓት ነው! ተማሪዎቼን በእጃችሁ እንዳትነኩት እል ነበር። ወፍራሙ ጥሩ ነው። የማን ነው እትዬ?»

ወፍራሙን ብቻ ብትይዝ ታልፍ ነበራ! አንዲት ጥያቄ ነበረች፣ ከግድግዳው ማዶ፣ ሳል በሚሰማበት ርቀት።

«ለእሳት ማቀጣጠያ ነው» አልኳቸው። መሐላዬን ያኔም ጠበቅኩ፣ ምን ሊረባ!

ይህን ለራሷ ነግሬያታለሁ፣ መምህሩ ያሉትን። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ትናንት መጣች፣ እግሯን ትራሱ ላይ ሰቀልኩላት። «ልጄ፣ ያ የኔ መሃል ባይኖር ኖሮ» ብዬ ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ።

«አክስቴ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። የመጨረሻውን ገጽ አልሠራሁትም፣ ሰዓት አለቀብኝ።»

«ለምን አለቀብሽ?»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም።

ለካስ የፈተናው ዕለት ጥሩ ልብሷን ለብሳ በሰዓቱ ደርሳለች። በሩ ላይ የቆመው ወጣት «እናቴ፣ ወላጆች ውጪ ነው የሚጠብቁት» አላት። ተፈታኟ እኔ ነኝ ማለት እንዴት አይክበዳት? እሺ ብላ ወጣች! ከወላጆቹ ጋር አጥሩን ተደግፋ ቆመች። አንዲት እናት «የመጀመሪያ ልጅሽ ናት?» አለቻት።

«አዎ።»

«ጎበዝ ናት?»

«ታጠናለች» አለች የኔዋ፣ «ፈሪ ናት እንጂ።»

ሃያ አምስት ደቂቃ እንዲያ ቆመች። በመጨረሻ ቦርሳዋን ከፍታ እርሳሷን አወጣችና በሩ ጋ ሄዳ «ልጄ እርሳሷን ረስታ ገብታ ነው፣ ላቀብላት» ብላ ገባች።