እናቴ ስሟን የፈለገች ለት

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጻፈውን ኮድ እንድመለከትለት ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። «ጥያቄው ከአስተዳዳሪው ክፍል ከመጣ፣ ላክ» የምትል መስመር ላይ ዓይኔ ተተክሎ ቀረ። ያቺን መስመር በወጣትነቴ እኔም ጽፌአታለሁ።

ያኔ ጺሜ ገና እያቆጠቆጠ፣ አቃቂ በሰቃ ከእናቴና ከእህቴ ጋር እኖር ነበር። ለሰፈራችን እድር ድረ ገጽ ሠራሁና ሰው ሲሞት የሚነፋውን ጡሩምባ የሚተካ ፕለጊን የሚሉት ተቀጥላ ፕሮግራም ጨመርኩበት። የእድሩ ጸሐፊ በይለፍ ቃል በሚከፈተው የገጹ የአስተዳዳሪ ክፍል ገብቶ የሟችን ስም ሲጽፍ ለአባላቱ ሁሉ የስልክ መልእክት ይደርሳል። ሰፈሩ አመሰገነኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

በክረምት አንድ ጠዋት ወደ ቱሉ ዲምቱ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። «አባላችን ወይዘሮ አስካለ ስላረፉ ድንኳን ይተከላል» ይላል። እናቴ ናት። ደም ግፊት ነበረባት፤ ስወጣም «ራሴን አዞረኝ» ብላኝ ነበር። ብደውል፣ ብደውል አታነሳም።

«ወራጅ!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ በሩን እስኪከፍት አላስቻለኝም። በባጃጅ ስመለስ መንገድ ዳር በቆሎ ይጠበስ ነበር፤ ያ ሽታ ዛሬም ያን ጠዋት ያስታውሰኛል። ሾፌሩን «ፍጠን በናትህ» ስለው ቃሉ አፌ ውስጥ መረረኝ።

ደጃችን ላይ የእድሩ ልጆች የድንኳን ብረት ያወርዳሉ። ከባጃጁ ዘልዬ ወረድኩ። እናቴ ግን ስልኳን ቤት ውስጥ ትታ፣ የሽንኩርት ቢላዋ እንደያዘች ከእድሩ ሊቀመንበር ከጋሽ ደምሴ ጋር ትከራከራለች።

«ይኸው አለሁ እኮ፣ ጋሽ ደምሴ!»

«መልእክቱ መጥቷል፣ ወይዘሮ አስካለ። እኛ ምን እናድርግ?»

አቅፌአት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «ምን ሆነሃል? ልጄ የሠራውን ልይ ብዬ እህትህን ‹ስሜን ገጹ ላይ ፈልጊልኝ› አልኳት እንጂ ሌላ ምን አደረግሁ?» አለችኝ።

ማንም ጎብኚ ገጹ ላይ የሚያደርገው ፍለጋ በጓሮ ዞሮ በአስተዳዳሪው ክፍል በር እንደሚገባ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። በዚያ በር የገባ ስም ሁሉ ለኔ ፕለጊን ሟች ነበር። ከዚያ ወዲያ ላኪው ማን እንደሆነና ምን እንደጠየቀ ሳያጣራ ምንም እንዳይልክ አደረግሁት።

ከዓመታት በኋላ እናቴ በእውነት አረፈች። ስሟን ያስገባሁት እኔው ነኝ። መልእክቱ ስልኬ ላይ ሲደርስ፣ ምናልባት ዛሬም ስህተት ቢሆን ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ደጁ ባዶ ነበር።

ባልደረባዬ ይህን ከነገርኩት በኋላ መስመሯን አስተካክሎ «አሁን ልክ ነው?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ያ የፍርሃት ጠዋት ግን ዛሬ ቢመለስልኝ፣ ከሚኒባሱ እስከ ደጃችን ደስ እያለኝ እሮጥ ነበር።