ገርበብ ያለ በር

የመሐል ሜዳ መንገደኛ መኪና የሚመርጠው በዳገት ነው፤ ስለ ቁልቁለት የሚጠይቅ የለም። ይቺ አሮጌ ሚኒባስ የጭነት መኪና ሞተር ከተገጠመላት ወዲህማ ሰው የሚጋፋው እሷ ላይ ሆኗል። የምሥራች እንደ ምንም ጋቢና አገኘች። በሩን ከውጭ የዘጋላት ረዳቱ ነው።

ሾፌሩ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ቀኝ ጫማውን አውልቆ ከወንበሩ ሥር ወሸቀና ባዶ እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳረፈ።

"ያለ ጫማ ይሻላል" አላት ሳትጠይቀው። "ሲላላ ቶሎ ይሰማኛል።"

ሚኒባሷ ዳገቱን እያጓራች ስትወጣው ከኋላ "እሰይ! እሰይ የኔ አንበሳ!" ተባለ። እሱ ፈገግ እንኳ አላለም። የምሥራች መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ቦሎ አየች። ጊዜው አላለፈም።

"ወንድሜ፣ ሞተር ሲቀየር እንደገና ምርመራ አያስፈልግም እንዴ?"

"እንዴት አያስፈልግም! ይሄ ቦሎ የወጣው በድሮው ሞተር ነው።"

"ታዲያ ለምን አላስመረመርካትም?"

"ፍሬኑም የድሮው ነዋ፣ እህቴ። አያሳልፉኝም።"

መንገዱ ወደ ወንዙ ቁልቁል የሚታጠፍበት አፋፍ ላይ ሲደርሱ ሾፌሩ አማተበ። ቀጥሎ የራሱን በር በግራ ክንዱ ገፋ አድርጎ ገርበብ አደረገው፤ እንደዚያው ይዞትም ቁልቁለቱን መውረድ ጀመረ። ከኋላ ያሉት አሁንም ሞተሩን እያወደሱ ነው።

የምሥራች እጇን ቀስ ብላ ወደ በሯ ሰደደች። መክፈቻው ተነቅሎ ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፏል።