የእትዬ የሺ ክፍል

ትናንት ልጄ ለመምህርነት የሙያ ፈቃድ ፈተና ልትመዘገብ ወረታ ውላ መጣች። የከፈለችበትን ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «አባዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አስተምሬ፣ አስተማሪ መሆኔን ለማስመስከር እኔው ልክፈል?» አለችኝ። ደረሰኙን አንስቼ ሳየው እትዬ የሺ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

በወጣትነቴ ቁሐር ሚካኤል በሚባል የገጠር ቀበሌ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል። እሷ አንደኛ ክፍልን ይዛ ብዙ ዘመን የቆየች ናት፤ እኔ ገና ጀማሪ። በዚያው ዓመት፣ ተፈትኖ ያላለፈ መምህር ክፍል አይገባም የሚል መመሪያ መጣ። የፈተናውን ክፍያ የምንችለው እኛው ነበርን። የእኔን አባቴ ከፈለልኝ። እትዬ የሺ ግን ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድግ ስለነበር፣ ያለቻትን አንዲት ጊደር ገበያ አወጣች።

ፈተናው ነሐሴ ላይ ዋለ። በነሐሴ የፎገራ ሜዳ ውሃ ነው፤ ሩዙ እስከ አንገቱ ተውጦ ይቆማል፣ መንገዱም ከማሳው አይለይም። እኔ ዋዜማውን ወረታ አክስቴ ቤት ለማደር ስነሳ፣ አብረን እንሂድ አልኳት።

«ትንሹን ልጅ ወባ ይዞብኛል፤ ማልጄ እደርሳለሁ» አለችኝ።

ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ቀና ስል በመስኮቱ አየኋት። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ነው፤ ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

«ጌታዬ፣ ውሃው ነው ያዘገየኝ» ትለዋለች ፈታኙን።

«ሰዓት አልፏል እናቴ። መመሪያ ነው።»

ተነስቼ «እውነቷን ነው፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» ብል ምን ነበረበት? ወረቀቴን እንዳይቀሙኝ ፈራሁ። አቀረቀርኩ።

እኔ አለፍኩ። በመስከረም እሷን ዕቃ ግምጃ ቤት መድበው ክፍሏን ለእኔ ሰጡኝ። ሳምንት ሳይሞላ ክፍሉ ገበያ ሆነብኝ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጠራችኝና፣ «አታስጩኻቸው። ፊደሉን መጀመሪያ በጣታቸው መሬት ላይ ይጻፉት» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ፣ ያን ዓመት ሙሉ በተሰባበሩ ወንበሮች መካከል ተቀምጠን፣ የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠምን ማስተማርን አስተማረችኝ። ልጆቹ አነበቡ። ተቆጣጣሪው መጥቶ በሰው ፊት ሲያመሰግነኝ እሷ ከኋላ ቆማ ታጨበጭብ ነበር። ያኔም ዝም አልኩ።

ፈተና አይኑር አልልም፤ የማያውቅ ሰው ልጆች ፊት መቆም የለበትም። ግን እኔን ያሳለፈኝ ፈተና እሷን አንድም ቀን ስታስተምር አላያትም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «በመስኮቱ እንዳየሃት ነገርካት?» አለችኝ።

«ሳልነግራት ሞተች» አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነበር።